የአያ ሙሄ ጣሪያ

ባለፈው ሐምሌ ከደሴ ወደ ወልድያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መርሳ ላይ ጎማ ተነፈሰበትና ወረድን። ረዳቱ ጎማውን እያንከባለለ ሊያስጠግን ሲሄድ፣ እኔ ጥላ ፍለጋ ወደ ውስጥ መንገድ ገባ አልኩ። ሁለት ቅያስ ሳልርቅ ያ ሽታ አገኘኝ። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ሲሰነብት የሚያመጣው፣ ኮምጠጥ ያለ፣ በረት በረት የሚል ሽታ ነው። አንድ ዓይነት ከነቴራ የለበሱ ወጣቶች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃ ይረግጣሉ። አጠገባቸው ጣሪያው የተነሣ ትንሽ ቤት አለ፤ በሩ ላይ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰማዩን ያያሉ።

«የአቅመ ደካማ ቤት እያደስን ነው፤ ግቢና እርገጪ እህቴ!» ብሎ አንደኛው ሳቀብኝ።

«ቆርቆሮው መጥቷል?» አልኩት።

«ነገ ይመጣል።»

ተመልሼ ከሚኒባሱ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ረዳቱ በጎማው የተናደድኩ መስሎት «አስር ደቂቃ ነው እኮ፣ ምነው እህቴ?» አለኝ።

ነገሩ የሆነው ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያን ክረምት ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። አባቴ እዚያው መርሳ፣ ዋናው መንገድ ዳር ጎማ ይጠግን ነበር። እናቴ ከጎኑ ሳሙና፣ ዘይትና ክብሪት የምትሸጥበት ሱቅ ነበራት። ትምህርት ሲዘጋ የባለሱቅ ልጅ ሱቅ ይቀመጣል። እኔ ግን ዘይት ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጥና ከጠርሙሱ ይልቅ ባንኮኒው ይጠግባል። እናቴ በዚያ ዓመት የጥር ዕረፍት ሁለት ሳምንት ታገሠችኝና ከኪሳራ ይሻላል ብላ ክበብ እንድገባ ፈቀደችልኝ። በጎ አድራጊ የሆንኩት እንዲህ ነው።

ክበቡ «ደራሽ» ይባላል። ያቋቋመው የሳይንስ አስተማሪያችን መምህር አያሌው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር ያሰልፈንና ሦስቱን ሕግ ጮክ ብለን እንድንል ያደርገናል። «ሳንጠራ እንሄዳለን! ሳንበላ እንመለሳለን! ባለቤቱ ያልፈቀደውን አንነካም!» የመጀመሪያው ሰው እስኪለምነን አንጠብቅም ማለት ነው። ሁለተኛው ከድሃ ቤት ቁራሽ እንዳንካፈል የወጣ ነው። ሦስተኛው ላይ መምህር አያሌው ሁልጊዜ ጣቱን ያነሣል። «ድሃ ስለሆኑ ቤታቸው የኛ አይደለም። አንዲት ድንጋይ እንኳ ጠይቃችሁ ነው የምታነሡት» ይለናል። ሰውየው ይህን ሲል ከልቡ እንደነበር ዛሬም እመሰክርለታለሁ።

ከዚያ ጄሪካንና መጥረጊያ ይዘን ሦስት ሦስት እየሆንን እንበተናለን። ጧሪ የሌላቸው ሰዎች ቤት ውሃ እንቀዳለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ ጥፍር እንቆርጣለን፣ ግቢ እንጠርጋለን። አንዳንዴ ከሲሪንቃ የመጣ ችግኝ ይሰጠንና በየደጃቸው እንተክላለን። ፍየል ይበላዋል። ደግመን እንተክላለን። ደራሽ ክበብ ለመርሳ ፍየሎች የዋለላቸውን ውለታ ማንም አልዋለላቸውም።

አቅመ ደካማ የሚለውን ቃል የሰማሁት እዚያ ነው፤ ማዕረግ መሰለኝ። መምህር አያሌው የአቅመ ደካሞችን ስም ሲያነብ ድምፁ ስለሚለሰልስ፣ እንደ ሐጂ ወይም እንደ ግራዝማች ሰው ተመርጦ የሚሰጠው ነገር አድርጌ ያዝኩት። ልጆቹ ሁላችን እንፎካከርበት ነበር። ደሳለኝ የሚባለው የክፍሌ ልጅ «የኛዋ እኮ ዓይናቸውም አያይ» ሲል፣ እኔ «የኛው ደግሞ ጉልበታቸውም እምቢ ብሏል፣ ቤታቸውም ያፈሳል» እላለሁ። የባሰበት ሽማግሌ ያለው ልጅ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

የኔው አያ ሙሄ ነበሩ። በጉልምስናቸው የውሃ አባት ነበሩ። ከወንዙ የሚጠለፈውን የመስኖ ውሃ ለብርቱካኑም ለፓፓያውም ማሳ በየተራው የሚያከፋፍል፣ በውሃ የተጣላውን የሚዳኝ ሰው ነው የውሃ አባት የሚባለው። ይህን ግን ማንም አላስረዳኝም፤ ወንዙን የወለዱት መስሎኝ ነበር። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ለሳቸው አዝን ነበር፤ ልጃቸው የታመመ ያህል።

ሹመቱ ወደ ሌላ ከተላለፈ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ሰው ግን እሳቸውን መጠየቁን አልተወም። ገበሬው ከሐራ ገበያ ሲመለስ በደጃቸው ጎራ ይላል።

«አያ ሙሄ፣ ልዝራ ወይስ ልቆይ?»

አያ ሙሄ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ያያሉ። ከደጃቸው አፈር ቆንጥረው ያሸታሉ። «ሁለት ጁምዓ ታገሥ» ይላሉ። ሰውየው መርቆ ይሄዳል፣ ይታገሣልም። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። የቀራቸው ነገር ቢኖር መጠየቃቸው ነበር። አንድ ሰው ጠይቋቸው ሲሄድ ፊታቸው ለግማሽ ቀን በርቶ ይውላል።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ቆርቆሮው ከዝገት ብዛት ቡና መስሏል፤ ንፋስ እንዳያነሣው ድንጋይ ተጭኖበታል። ቀን ከውስጥ ሆኖ ሽቅብ ለሚያየው በየቦታው ብርሃን ይረጫል። አያ ሙሄ ግን እያንዳንዱን ቀዳዳ ያውቁታል። ለየቀዳዳው ጣሳ አላቸው፤ የትኛው ጣሳ በምን ዓይነት ዝናብ እንደሚሞላ ሳይቀር ይነግሩኛል።

«ዝናብ ገባበት አትበይ» ይሉኛል፣ «እኔ ነኝ የማስገባው። በልክ በልኩ።»

እኔም አምን ነበር። ወንዝ ያከፋፈለ ሰው ጣሪያው የሚያፈሰውን ማከፋፈል ምን ያቅተዋል?

አንድ ቅዳሜ ውሃ ቀድቼላቸው ግቢ ጠርጌ ስጨርስ ብርቱካን አወጡ።

«ነይ አንች ልጅ፣ ይችን ያዥ።»

«አይ አያ ሙሄ፣ በልቻለሁ።»

«መች በላሽ? ከንፈርሽ ክው ብሎ።»

«እመብርሃንን በልቻለሁ።»

«እኔ ልሙት! በሞቴ! ወላሂ ካልበላሽ ሁለተኛ ውሃሽን አልጠጣም።»

የክበቡ ሕግ በአንድ ወገን፣ የሽማግሌ ሞት በሌላ ወገን ሆኑብኝ። ላጥኩትና በላሁት። ጭማቂው በክርኔ ሲወርድ አያ ሙሄ አሸናፊ ሆነው ሳቁ። ቤት ስገባ ግን ሕግ አፍርሻለሁ ብዬ ጨነቀኝና ለእናቴ ተናዘዝኩ። እናቴ ሚዛኑን እያጸዳች ሳቀችብኝ።

«ምን ታደርጊ ታዲያ? በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሰው እንደሁ አንዴም ሁለቴም አይሆንም ይላል፤ ገና ሲሰጡት ዘው የሚል ባለጌ ነው። ትልቅ ሰው ደግሞ ይብሳል፣ ይሉኝታ አለበት። ልቡ እየፈለገ አፉ አይሆንም ይላል። ግድ ማለት ነው፣ ሦስቴ ግድ ማለት።»

ይህን ትምህርት ከሰማሁት የሳይንስ ትምህርት ሁሉ በላይ ያዝኩት።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል መምህር አያሌው ትልቅ ዜና ይዞ መጣ። ወልድያ ያሉ አንድ ባለሀብት ለአንድ ቤት የሚበቃ ቆርቆሮ ቃል ገብተዋል። ክበቡ የሚያድሰውን ቤት ይምረጥ፣ ግድግዳውንና እንጨቱን አዘጋጅቶ ይጠብቅ፣ ቆርቆሮው ይላካል ተባለ። በዋርካው ሥር ያልተነሣ እጅ አልነበረም። እኔ ከሁሉ በላይ ጮህኩ። የአያ ሙሄን ጉልበት፣ የአያ ሙሄን ዝገት፣ የአያ ሙሄን ጣሳዎች አንድ በአንድ ዘርዝሬ ተናገርኩ። ደሳለኝ ሊያለቅስ ደረሰ። አያ ሙሄ ተመረጡ፤ እኔ የተሾምኩ ያህል ደስ አለኝ።

«የሺ» አለኝ መምህር አያሌው፣ «አንቺ ስለምትቀርቢያቸው ሄደሽ አስፈቅጂ። ሦስተኛውን ሕግ አትርሺ።»

እየሮጥኩ ሄድኩ። አያ ሙሄ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አያ ሙሄ፣ ቲቸር ቤትዎን ሊያድሱልዎት ነው! አዲስ ቆርቆሮ ከወልድያ ይመጣል!»

«አላህ ይስጣቸው። አሁን ግን አይሆንም ልጄ።»

አንድ፣ አልኩ በሆዴ።

«የሚያብረቀርቅ እኮ ነው!»

«ይሁና። ክረምት ደጅ ቆሞ ጣሪያ አይነካም። ይኸ ቆርቆሮ እንደሁ ድንጋይ ተጭኖት ነው የቆመ፤ ከተነቀለ እንደ ደረቅ ቅጠል ነው የሚፈረፈር፣ አይመለስም። መስከረም ይጥባ፣ ያኔ ኢንሻአላህ።»

ሁለት።

«ዝናቡ እኮ የለም! ሰው ሁሉ ዘንድሮ ቀረ እያለ ነው።»

ወደ ተራራው አዩ። በዚያ ሰኔ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነበር፤ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

«ይመጣል። የዘገየ ዝናብ ነው ክፉ። ለመምህርሽ እንዲህ በይልኝ፤ አያ ሙሄ መስከረም ብለዋል በይ።»

ሦስት። እናቴ ያለችው ሞላ። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «በሞቴ አያ ሙሄ! በሞቴ! እኔ ልሙት!» አልኩ።

ደነገጡ። «ኧረ አንች ልጅ! አፍሽን ያዥ! በዚህ ዕድሜሽ ሞት ትጠሪያለሽ?» ብለው አነሡኝ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሳቁ፤ አቧራዬን አራገፉልኝ፣ ብርቱካን በእጄ አስያዙኝ። ሌላ ነገር አላሉም። እኔም ሌላ ነገር አልጠበቅኩም፤ እኔ በሞቴ ስባል በልቼ የለ? እሳቸውም በሞቴ ተብለው እሺ ያሉ መሰለኝ።

«ፈቀዱ?» አለኝ መምህር አያሌው።

«ፈቅደዋል። መጀመሪያ ግን አይሆንም ሲሉ ነበር።»

«ለምን?»

የዝናቡን ነገር ልነግረው እችል ነበር። ሰበብ ስለመሰለኝ ማንሣቱም አልታየኝም።

«ይሉኝታ ነዋ!» አልኩ።

«የድሮ ሰው!» አለና ሳቀ። እሱም ከአገሩ ሰው የተወለደ ነው፤ ሽማግሌ ሲግደረደር እያየ ያደገ ነው። ድጋሚ አልጠየቀም።

ለጅጌው፣ ለደቦ ሥራው፣ የሐምሌ የመጀመሪያው ዓርብ ተቆረጠ። አያ ሙሄ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሲሄዱ፣ አቧራው እንዳያስላቸውና ሲመለሱ እንዲደነቁ፣ ቆርቆሮውን እኛ አንሥተን እንድንጠብቃቸው መምህር አያሌው አሰበ። ጎረቤት ይዟቸው ሄደ። አባቴ ጉጠቱን ይዞ መጣ፣ ወጣቶቹ መሰላል ይዘው መጡ፣ እናቴ ዳቦ ላከች። ድንጋዮቹ ተወረወሩ። ሚስማሩ ሲነቀል ይጮኻል፣ እኛ ከታች እንጮኻለን። ከዚያ ቀን በላይ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም፤ ይህን ማለት ያስጠላኛል እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። ቆርቆሮው መሬት ሲደርስ እንደ ብስኩት ይሰበር ነበር። ደሳለኝና እኔ የወደቀውን በእግራችን እያደቀቅን ተጫወትንበት።

አያ ሙሄ በዱላቸው እየተደገፉ ሲመጡ ሁላችን አጨበጨብን። ከበሩ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ። መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ አባቴን እጁ ላይ ደም እየወረደ፣ ወጣቶቹን ዝገት ለብሰው፣ እኛን። ለሳቸው ብሎ ላቡን የሚያፈስ ሰው ፊት ምን ይላሉ?

«አልሐምዱሊላህ። አላህ ጉልበታችሁን ይባርክ» አሉና የሚቀመጡበት ጠየቁ። ከዓይናቸው እንባ ወረደ። ደሳለኝን በክርኔ ጎሰም አደረግኩት። «አየህ፣ ከደስታ ብዛት ነው» አልኩት።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ጭቃው ቦክቶ ከረመ፣ ግድግዳው ተመረገ፣ እንጨቱ ተመታ፣ ቆርቆሮው ግን አልመጣም። መምህር አያሌው በአይሱዙ እየተጫነ ወልድያ ይመላለሳል። ሲመለስ «ነገ» ይለናል። ነገ ሲመጣ «ሰኞ» ይለናል። ባለሀብቱን ቢሮ ያጣቸዋል፣ ሲያገኛቸው መጋዘን ጠባቂው የለም። መምህር አያሌው ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሄደ፤ ትልቁ ድምፁም ቀጠነ። ያ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

አያ ሙሄ በአንዱ ጥግ በተወጠረች ሸራ ሥር ይተኙ ነበር። ጎረቤት ኑ እኛ ጋ እደሩ ቢላቸው ቤቴን ጥዬ አልሄድም አሉ። ውሃ ስወስድላቸው ከጣሳዎቻቸው አንዱንም በቦታው አላየሁም፤ ሁሉንም ደርበው ከአልጋው ሥር ከተዋቸዋል። ስለ ጣሪያው አንድም ቀን አልተናገሩኝም። እኔ እንኳ «ቅር አለዎት እንዴ?» አላልኳቸውም። እነግራቸው ጀመር እንጂ፤ አዲሱ ቆርቆሮ ሲመታ ዝናቡ ከበሮ እንደሚመስል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ከመንገድ እንደሚታይ እያወራሁ አሰለቸኋቸው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቅ በር ቆሜ ሳለሁ ተራራው ጠፋ። ጥቁር ነገር ከላይ ወርዶ ዋጠው። ንፋሱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ አንሥቶ ፊታችን ላይ ደፋው፣ ቀጥሎ ትልልቁ ጠብታ መጣ። እናቴ «እሰይ! መጣልን!» ብላ እልል አለች። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። አያ ሙሄ የዘገየ ዝናብ ነው ክፉ ያሉኝ ድንገት ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከሱቁ ላስቲክ ጎትቼ ሮጥኩ።

በሩ ክፍት ነበር። አያ ሙሄ እቤታቸው ውስጥ፣ መደቡ ላይ፣ ጃንጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። አልጋው ርሶ ጥቁር ሆኗል፤ ሸራዋ ውሃ ቋጥራ ወገቧ ተቆርጧል። ያልደረቀው ምርጊት ከግድግዳው እየተላጠ፣ ወለሉ ላይ እየሄደ እግራቸው ሥር ይቆለላል። ያን ሁሉ ሳምንት የረገጥነው ጭቃ ነው። በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«ነይ ግቢ ልጄ» አሉኝ፣ «ዝናብ ይመታሻል።»

ገባሁና ጃንጥላው ሥር ተለጠፍኩባቸው። ላስቲኩን የምዘረጋበት ከፍታ አልነበረኝም። ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሉኛል፤ የምንቀጠቀጠው እኔ መስያቸው ይሆን አላውቅም። ትልቅ ሰው እስኪደርስልን ድረስ እንዲያ ሆነን ተቀመጥን። ልናገር የሚገባኝን ነገር ሁሉ ያኔ ልናገር እችል ነበር፤ ከሳቸው ሌላ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ እንጂ አልተናገርኩም።

መምህር አያሌው ከነልብሱ በስብሶ መጣ፣ ጎረቤቶች መጡ፣ በነጠላ ጠቅልለው ተሸክመው አጠገብ ያለ ቤት አስገቧቸው። ቤቱ በሰው ተሞላ። አንድ ገበሬ፣ ያው በየዓመቱ ልዝራ ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው፣ ቱግ አለ።

«እንደው ማነው በሐምሌ ጣሪያ ንቀሉ ያላችሁ? ማነው?»

መምህር አያሌው ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «የሺ፣ ፈቅደዋል አላልሽኝም?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የኔ ጥፋት ስህተት ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ አልገባኝም ነበር፣ ያሳደጉኝ እንዲያ ነው። በዚያች ደቂቃ ግን በደንብ ገብቶኝ ነበር።

«ፈቅደዋል» አልኩ።

ሁሉም ወደ አያ ሙሄ ዞሩ። አያ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡኝም። ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እንዲሁ፣ ሸክም የከበዳትን ልጅ እንደሚያይ ሰው አዩኝና ወደ ገበሬው ተመለሱ።

«ልጆቹን ተዋቸው። እኔ ነኝ። አዲስ ቆርቆሮ አማረኝና ቶሎ በሉ ብዬ ያጣደፍኳቸው እኔው ነኝ።»

«እርስዎ? የውሃ አባት ሆነው?»

«እርጅና ነው» አሉ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

ገበሬው ከንፈሩን መጠጠና ወጣ። ሌሎቹም እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቀን በኋላ አያ ሙሄን ስለ ዝናብ የጠየቀ ሰው አላየሁም። በደጅ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጤናቸውን ብቻ ይጠይቃል፣ ድምፁንም ከፍ ያደርጋል፣ ለሕፃን እንደሚናገር።

እዚያው ጎረቤት ቤት እንዳሉ ሳል ያዛቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እግራቸውን አጥባለሁ፣ ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ፣ ከዚያ በፊት ባልነበረኝ ትጋት። እያንዳንዱን ቅዳሜ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እወጣለሁ። ስደርስ «ያ ችግኝ ፍየል በላው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም በላው እላለሁ፤ በዚያው ያልፋል።

ነሐሴ ላይ ዘሃራ የምትባል የእህታቸው ልጅ ከውርጌሳ መጥታ ልትወስዳቸው ሆነ። ክበቡ ሙሉ ለሙሉ ወጣ። ደሳለኝ ሣጥናቸውን፣ እኔ ጃንጥላቸውን፣ ወንዶቹ እሳቸውን ተሸክመን መናኸሪያ አደረስን። ሳንጠራ እንሄዳለን ያልነው ቃል የተፈጸመበት ቀን ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ «አያ ሙሄ፣ እርስዎ አልፈቀዱም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ዛሬ ለቲቸር እነግራቸዋለሁ» የሚል። በመኪናው መስኮት እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙኝ፣ መዳፋቸው ይፋጃል። ንግግሬን ልጀምር ስል ረዳቱ በሩን መታ።

«ደህና ይግቡ» አልኳቸው።

«ትምህርትሽን በርትተሽ ተማሪ» አሉኝ።

አዲሱ ዓመት ገብቶ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት መሞታቸው ተሰማ። መምህር አያሌው ክበቡን ይዞ ለለቅሶ ውርጌሳ ወረደ። ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ውስጥ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ፣ ንፍሮ ይዞራል። እኔ ከመምህር አያሌው ጀርባ ተቀመጥኩ። ዘሃራ ዓይኗ አብጦ፣ መጥታ ፊታችን ተቀመጠች።

«መጨረሻቸው ድረስ እዚያችው ጣሪያ ላይ ነበር የኛ ክርክር» አለች። «ማነው ያስነቀለዎት አጎቴ ስንላቸው፣ እኔው ነኝ ይላሉ። እርስዎ የውሃ አባት፣ ሐምሌ ሲገባ? ስንላቸው፣ ረሳሁት ይላሉ። ረሳሁት! እኒያ ሰው ዝናብ የሚረሱ ሰው ነበሩ? ወላሂ አእምሯቸውን ነው ቀድሞ የወሰደብን።»

«ጃጅተው ነበር፣ ምን ይደረግ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ጃጅተው ነበር» አሉ ሌላው፣ «አገር የሚጠይቃቸው ሰው።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ዘሃራ ወደ መምህር አያሌው ዞራ «እናንተማ ምን አጠፋችሁ? የለመኑትን ነው የፈጸማችሁላቸው። አላህ ይስጣችሁ» አለችው። መምህር አያሌው አቀርቅሮ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከሐምሌ ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲወርድለት ከጀርባው ሆኜ አየሁት።

አያ ሙሄ አእምሯቸው እስከ መጨረሻው ንጹሕ እንደነበረ በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለአንዲት ውሸታም ልጅ ሲሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያፈሩትን ስም በገዛ አፋቸው እንዳፈረሱት፣ ያንኑ ስም አሁን ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እየቀበረው እንደሆነ አውቅ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። ከተቀመጥኩበት ቀና ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ዘሃራ አየችኝ። «ምን ልስጥሽ እናቴ?» አለችኝ።

«ውሃ» አልኳት።

አመጣችልኝ። ጠጣሁና ዝም አልኩ።